ለአንድ እጅ የተስተካከለ ጆይስቲክ

“አያዬ፣ ሮቦቱ ቢንቀጠቀጥ ኖሮ አባዬ ይተርፍ ነበር?”

አያት የሻይ ብርጭቆውን ወደ ልጅቷ ገፋ አደረገችው። “እስቲ ይቺን ቅመሺ። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ብቻ! ባዶ ሆድ ሐዘን አይችልም፣ የኔ እናት።”

ልጅቷ ብርጭቆውን ዞር ብላም አላየችው። ለቅሶ ደራሾች በተውሶ ወንበሮች ላይ ተጠጋግተው ይንሾካሾካሉ።

“ባለፈው ሳምንት አግኝቼው ስንስቅ ነበር እኮ” ይላል አንዱ።

“ራሱ ውስጥ ዕጢ ነበረበት አሉ። ሥራ ላይ እንዳለ ነው የወደቀው” ትላለች ጎረቤት። “ሐኪሙ ‘ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ’ ብሏል።”

ይቺ “ቢመጣ ኖሮ” ናት ልጅቷን የምትበላት። አያትንም ትበላታለች፤ የአያትን ግን ማንም አያውቅም።

ሟቹ ለአያት አንድ ልጇ፣ ለልጅቷ አባቷ ነበር። ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ እየገባ የሚመረምር ሮቦት ነጂ። ሮቦቱ ድመት የሚያክል፣ ግንባሩ ላይ ካሜራ የተገጠመለት ባለ ስድስት ጎማ ሳጥን ነው። እሱ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ስክሪኑን እያየ በጆይስቲክ ይነዳዋል። “ሰው የሚጸየፈውን መንገድ እኔ በጣቴ እሄድበታለሁ” እያለ ይቀልድ ነበር።

ከስምንት ወር በፊት ሮቦቱን ከነጆይስቲኩ ቤት ይዞት መጣ።

“እጄ እየተንቀጠቀጠ ትንሽ አስቸገረኝ፤ ሥዕሉ እየዘለለ ነው” አላት ልጁን። “አንቺስ ምህንድስና የተማርሽው ለየትኛው ቀን ነው?”

ልጅቷ ደስ አላት። ላፕቶፗን ከፍታ አባቷን አጠገቧ አስቀምጣ ስትሞክር ዋለች። ጆይስቲኩ መሃል አካባቢ ሲነቃነቅ ሮቦቱ እንዳልሰማ እንዲያልፈው አደረገች። ትንሽ ሲገፋ በጣም ትንሽ እንዲሄድ፣ ፍጥነቱም እየቆየ እንዲጨምር እንጂ እንዳይዘል አደረገች።

“አባዬ የፈለገውንና እጁ ያደረገውን መለየት ነው፤ ሌላ ምንም የለውም” አለች።

ሮቦቱ በኮሪደሩ ላይ እንደ ዘይት ተንሸራተተ። አባቷ ግንባሯን ሳማት። “እንግዲህ ማንም አያውቅብኝም!” ሦስቱም ሳቁ። አያትም ሳቀች።

ዛሬ ከምሳ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ፎርማን ካርቶን ታቅፎ መጣ። ካርቶኑን እግሩ ሥር አስቀምጦ ተቀመጠ።

“እማማ፣ ለቅሶ ቤት ሥራ ይዞ መምጣት ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። አዲሱ ነጂ ሮቦቱን ሊያዘው አልቻለም። ገፋ ሲያደርገው ዝም! አጥብቆ ሲገፋው እንደ ሙሽራ እየተግደረደረ ይነሳል። ትናንት ከቱቦው ግድግዳ ጋር አላተመው። ቱቦው እንደተደፈነ ነው፤ ሰፈሩ በፍሳሽ ተጥለቀለቀ።” ወደ ልጅቷ ዞረ። “እንደ ድሮው መልሺልን፣ እህቴ። የይለፍ ቃሉ አንቺ ጋ ብቻ ነው።”

“ዛሬውኑ?” አለች አያት። “እህል እንኳ አልቀመሰችም እኮ።”

ልጅቷ ግን ተነስታ ላፕቶፗን አመጣች። ሮቦቱን ከካርቶኑ አውጥታ ወለሉ ላይ አኖረች፤ ጆይስቲኩን አያቷ ጭን ላይ።

“ንጂው አያዬ።”

“እኔ? ኧረ እንዳልሰብረው!”

“ንጂው በቃ።”

መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተው ዓመታት ያለፉት እጅ ነው። አያት እየተንቀጠቀጠች ገፋችው። ሮቦቱ ትንሽ አሰበና በወንበሮቹ መሃል ቀጥ ብሎ ሄደ።

“ከኛ ነጂ ይሻላሉ እኮ፣ እማማ! ነገ ሥራ ይግቡ” አለ ፎርማኑ። ሰው ሳቅ አለ፤ ወዲያው የት እንደተቀመጠ ትዝ ብሎት አፉን ያዘ።

ልጅቷ አልሳቀችም። ላፕቶፗ ላይ ያስተካከለቻቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ ወደ ድሮው መለሰቻቸው። “አሁን ንጂው።”

አያት ገፋች። ሮቦቱ ዘለለ። ዝናብ እንደመታት ዶሮ እየተርገፈገፈ ሄዶ የወንበር እግር ገጨ። ልታቆመው ስትታገል ባሰበት።

“መሥሪያ ቤት ያሉት እንዲህ ያዩት ነበር” አለች ልጅቷ። “ስክሪኑ ላይ እንዲህ ሲዘል ቢያዩ በማግስቱ ሐኪም ቤት ይልኩት ነበር። እኔ ነኝ የደበቅኩት።”

“አንቺ አይደለሽም።”

“ታዲያ ማነው?”

አያት የሻዩን ብርጭቆ አየች። ዛሬም፣ ሳይታወቃት፣ በግማሽ ነበር የቀዳችው።

“አንቺ ጆይስቲኩን ሳትነኪው በፊት ነው” አለች። “ብዙ በፊት። ሙሉ ስቀዳለት እጁ ላይ ሲፈስበት አየሁ። ከዚያ ወዲያ በግማሽ ቀዳሁለት። ‘እማዬ፣ ስስት ጀመረሽ እንዴ?’ ይለኛል። ‘ስኳር ይበዛብሃል’ እለዋለሁ። ሐኪም ቤት ሂድ ካልኩት ይደነግጣል ብዬ… ሥራውን ይቀሙታል ብዬ… ብርጭቆ አጎደልኩለት።”

ፎርማኑ ጫማውን ያያል። ጎረቤት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። አያት ጆይስቲኩን መልቀቅ ረስታዋለች፤ ሮቦቱ ወለሉ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ልጅቷ በግማሽ የተቀዳውን ብርጭቆ አየችው። ከዚያ ተነሳች። አያት ያላለቀ ብዙ ነገር ነበራት፤ ከአፏ የወጣው ግን “ውጭው ይበርዳል፤ ጃኬትሽን…” ብቻ ሆነ።

ልጅቷ ጃኬቷን አላነሳችም። የሚንቀጠቀጠውን ሮቦት ላለመርገጥ እግሯን ከፍ አድርጋ ተሻገረችው፤ በሩን እንደተከፈተ ትታ ወጣች።