የሚጢ ሴሎች

እህቴ ሳይንቲስት ናት። የምታጠናው ስቴም ሴል የሚባሉትን ነው፤ ሴት ካደገችም በኋላ በማህፀኗ ግድግዳ ተደብቀው የሚኖሩ፣ በየወሩ የሚፈርሰውን መልሰው የሚገነቡ ሴሎች። ዕድሜዋን ሁሉ ለእነሱ ሰጠች። ለባል ጊዜ አልነበራትም፤ ለእኔማ ከየት ይመጣል።

እኔ ጽንስ ጨንግፎብኝ ሐኪሞች ሲጠርጉኝ ማህፀኔ ውስጡ ጠባሳ ብቻ ሆነ። ልጅ የሚባል ነገር እርሺው አሉኝ። እሷ ናት በካሜራ አስፈትሻ፣ "ሚጢዬ፣ አንድ ጥግ ላይ ደህና ቦታ ተርፎልሻል። ከእሱ ቆንጥረን ሴሎቹን አራብቼ መልሼ አስተክልልሻለሁ" ያለችኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ባሌ እንኳ፣ ድሮ ስሟ ሲነሳ ፊቱን የሚያጨማድደው ሰውዬ፣ "እትዬ፣ እትዬ" እያለ ይሽቆጠቆጥላት ጀመር።

ቆነጠሩኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ሴሎቼ ጉድ አሰኙ። ለጥናቷ የቆነጠረቻቸው የሌሎች ሴቶች ሴሎች ሲያንቀላፉ የእኔዎቹ ብልቃጡን ሞልተው ይጠብቃሉ አሉ። ላብራቶሪ በሄድኩ ቁጥር ሠራተኞቿ "ዛሬም በደንብ በልተዋል" ይሉኛል። በማይክሮስኮፕ ሲያሳዩኝ፣ እኔ ሞኟ፣ አለቀስኩ።

"መቼ ነው የሚተከልልኝ?" ስላት "ትንሽ ታገሺ" ትላለች። ታገስኩ። ለካ ጥናቷን የላከችለት መጽሔት ተጨማሪ ሙከራ ጠይቋት ኖሯል። ገምጋሚዎቹ፣ ሴሎቹ እውነት ወደ ሌላ አካል መለወጥ የሚችሉ ስቴም ሴሎች ከሆኑ አጥንትም ስብም ሆነው ይታዩን አሉ። አደረገችዋ! የእኔን ሴሎች በየሳህኑ አከፋፍላ ግማሹን አጥንት፣ ግማሹን ስብ አደረገቻቸው። ስቡን ቀይ ቀለም ነክራ ፎቶ አነሳችው። የልጄን ቤት ጮማ አድርጋ መጽሔት ላይ አወጣችው።

የተረፉት ብዙ ከመራባታቸው የተነሳ አርጅተዋል፤ ሰው ላይ አይተከሉም። እንደገና ለመቆንጠር ሐኪሙ በካሜራ ሲገባ ያቺ ጥግም ጠባሳ ለብሳለች። የቆነጠሩበት ቦታ ነው የደረቀው። ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀና "በቃ፣ ልብሽን አታድክሚው" አለኝ።

በማግስቱ እህቴ ቤቴ መጣች። ፎቶውን መስታወት አስገብታ ስጦታ ብላ ይዛልኛለች። ሶፋው ላይ አስደገፈችውና፣ "በአንቺ ምክንያት ስንት ሴት እንደሚወልድ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

በጥፊ ባጠናግራት ደስ ይለኝ ነበር። እጄ ግን ከጭኔ አልነሳ አለኝ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ" አልኳት። "ሴሎቹን ለእነዚያ ገምጋሚዎች ስትጨርሺ፣ እኔን አስበሽኝ ነበር?"

"እንዴት አላስብሽም?" አለችኝ፣ ከልቧ ተገርማ። "በደንብ አስቤበታለሁ። አንቺ ይቅር ትይኛለሽ፤ እነሱ ግን ሁለተኛ ዕድል አይሰጡኝም።"

ይቅር አላልኳትም። እሷ ግን እንዳልኳት ቆጥራ ጉንጬን ስማኝ ወጣች።