መሪጌታ በችሎት ፊት

የቁሐር ሚካኤሉ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም የገዛ ልጃቸውን ጋብቻ ሊያስከለክሉ ወረታ ፍርድ ቤት ሲደርሱ፣ ጥምጥማቸው እንደ በዓል ቀን ነጥቶ፣ ጫማቸው ግን የሩዝ ማሳ ጭቃ ጠጥቶ ነበር። ወረታ ላይ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው እየሩስ፣ የሩዝ መፈልፈያ ያለውን እንድሪስን አገባለሁ ብላለች። እስላም! የመሪጌታ ልጅ! ማኅሌት ቆመው ከኋላቸው ሰው ሲንሾካሾክ ሊሰሙ ነው እንግዲህ።

ማመልከቻ ጸሐፊው አያልነህ ከንፈሩን መጠጠ። «የኔታ፣ በሃይማኖቱ እንኳ አያሸንፉም። ልጅቱ ለአካለ መጠን ደርሳለች። ፈቃዷ የራሷ አይደለም ካሉ ግን...»

«አይደለማ! በመስተፋቅር አፍዝዟት ነው እንጂ!»

አያልነህ ጻፈ። ምን ቸገረው፣ የሚዋረደው እሱ አይደለም።

መሪጌታ በንዴት አንድ ነገር ረስተዋል። ከወረታ እስከ ጣና ዳር ባለው ሜዳ መስተፋቅር የሚደግም ማን ነው ቢባል፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ጣቱን የሚቀስረው ወደ እሳቸው ቤት ነው።

ዳኛዋ ማመልከቻውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «መስተፋቅር ምንድን ነው?»

ችሎቱን የሞላው ሰው አንገቱን ደፋ፤ ግማሹ የመሪጌታ ደንበኛ ነው። የበሩ ዘበኛ ሳይቀር ያንገቱን ክታብ ሸሚዙ ውስጥ ከተተ።

መሪጌታ አስረዱ። ወይ ማስረዳት! ሥሩን፣ ቅጠሉን፣ የሚደገምበትን ሰዓት ሳይቀር። «ያልወደደውን ያስወድዳል። እኔ ደግሜለት ያልሰመረለት የለም» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

እየሩስ ተነሣች። «ክብርት ዳኛ፣ ማንም አላፈዘዘኝም። እንድሪስን ስለምወደው ነው።»

«ይኸዋ!» አሉ መሪጌታ። «እወደዋለሁ ትላለች! ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይምጣ?»

ይኼኔ ሚስታቸው ንግሥቲ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች። «ዳኛዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቃቸው።» ተፈቀደላት። «መሪጌታ፣ ጠላ በቀመሱ ቁጥር ንግሥቲን በመስተፋቅር ነው ያመጣኋት እያሉ ሲያወሩ፣ ለሳቅ ነው ብዬ ዝም ብያለሁ። ዛሬ ግን በመንግሥት ፊት ይሠራል አሉ። እንግዲያ እኔ ወድጄዎ አይደለማ! አባቴ ለቆሎ ተማሪ አልሰጥም ሲል፣ ከቤቱ ኮብልዬ የተከተልሁዎ እኔ አይደለሁማ!»

መሪጌታ ይሠራል ካሉ፣ ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የወደደቻቸው በቅጠል ኃይል ነው። አይሠራም ካሉ፣ ልጃቸው ሄደች፤ እንጀራቸውም አብሯት ሄደ። ደንበኞቻቸው ጆሯቸውን ቀስረዋል።

«ይሠራል ወይስ አይሠራም?» አሉ ዳኛዋ።

መሪጌታ ንግሥቲን አዩዋት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ያችን የኮበለለች ኮረዳ ለድግምት አሳልፈው መስጠት አቃታቸው።

«አይሠራም» አሉ ቀስ ብለው።

«ጮክ ብለው ይናገሩ፣ ይመዘገባል።»

«አይሠራም! አንድ ቀንም ሠርቶ አያውቅም!»

«ወይኔ የከፈልሁት በጌ!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። ዘበኛውም ክታቡን በጥሶ ኪሱ ከተተ። ዳኛዋ ሳቃቸውን ውጠው፣ ተቃውሞው ውድቅ ነው፣ ልጅቱ የፈለገችውን ታግባ አሉ።

ደጅ ላይ እየሩስ ጉልበታቸውን ልትስም ጭቃው ላይ ወደቀች። መሪጌታ ወደ ኋላ ሸሹ። «ቅር ብሎኛል። እስክሞት ቅር ይለኛል።»

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለች ከመሬት ሳትነሣ።

«አባቴም እንዲሁ ብሎኝ ነበር» አለች ንግሥቲ ክንዳቸውን ይዛ። «ነፍሱ ስትወጣ እጁን የያዝሁት ግን እኔ ነኝ።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ልጃቸውን ከጭቃው ላይ አነሧት።