ለሄልካ ተብለው የተሳሉ ሥዕሎች

ሄልካ የዶክትሬት ጽሑፏን ቀን ላይ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተከላክላ፣ ማታ በፊንላንዷ ከተማ በዩቫስኪላ ደንብ ለጠያቂዋ ፕሮፌሰር ክብር የራት ግብዣ አድርጋለች። ፕሮፌሰር ሄርበን ከኔዘርላንድስ ድረስ የመጡ ሰው ናቸው። ከጎኗ ተቀምጠው ሳልሞኑን እያጣጣሙ ነው። አማካሪዋ ጉንፋን ይዟቸው ገና በሾርባው ተሰናብተዋል። የቀሩት ዘመዶቿና ዛፍ የሚቆርጥ የደን ማሽን የሚሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች ናቸው።

ዓመታት የደከመችበት ሥራ ለእነዚሁ መሐንዲሶች የፈጠረችው ሥዕላዊ ቋንቋ ነው። የማሽኑን ፕሮግራም መስመር በመስመር መጻፍ ይቀርና፣ ስክሪን ላይ ሳጥኖችን በቀስት እያያያዙ ይስላሉ፤ ኮዱን መሣሪያው ራሱ ከሥዕሉ ያወጣዋል። የጽሑፏ ዋና ምዕራፍ በዚህ መንገድ የመሐንዲሶቹ ድካም በግማሽ እንደቀነሰ ይናገራል። ፕሮፌሰሩ ቀን ላይ አብዝተው ያመሰገኑትም ይህንኑ ምዕራፍ ነው።

የንግግር ሰዓት ሲደርስ ከመሐንዲሶቹ ሁሉ አንጋፋው ራይሞ ተነሳ። ክራባቱ አንቆታል።

«እኔ ንግግር አላውቅም፤ የማውቀው ማሽን ነው» ብሎ በፊንላንድኛ ጀመረ። «ሄልካ ቢሯችን የመጣች ቀን፣ ‹ይቺ ደግሞ እንደ ሕፃን ሳጥን ልታስለን ነው› ብለን ስቀንባታል። እሷ ግን በመጣች ቁጥር የቀረፋ ዳቦ ጋግራ ትመጣለች። ማን አንጀቱ ችሎ ያስቀይማታል? ስለዚህ ኮዱን እንደ ልማዳችን በእጃችን ጽፈን እንጨርስና፣ እሷ ከመድረሷ በፊት ተሯሩጠን ሥዕሉን እንስልላታለን። ቀስቱ በየት በኩል ይሂድ እየተባባልን ስንቴ ተጨቃጭቀናል መሰላችሁ! ይኸው፣ ለዚህ በቃሽ። እንኳን ደስ ያለሽ!»

መሐንዲሶቹ በሳቅ ፈረሱ። ዘመዶቿም ነገሩ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

ፕሮፌሰር ሄርበን ጎንበስ ብለው በእንግሊዝኛ «ምን አለ? እኔ ብቻ ቀረሁ እኮ» አሏት።

«መጀመሪያ ሥዕሉ አስቸግሮን ነበር ነው የሚለው» አለች ሄልካ። «ኋላ ግን ወደድነው አለ።»

ፕሮፌሰሩ ፊታቸው በራ። ብርጭቆአቸውን ወደ ራይሞ ከፍ አድርገው፣ «እርስዎን የመሰለ ምስክር ያገኘ መሣሪያ ሌላ ምን ይፈልጋል!» አሉት።

ራይሞ ማሽን ለሚገዙ የውጭ አገር ሰዎች ሥልጠና የሚሰጥ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው አያስቸግረውም። ሄልካን አንዴ አያት። ከዚያ ጠጣና ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተከለ። ፊቱ ደም መሰለ። እሷ ዋሽታ እሱ ማፈሩ ከምንም በላይ አቃጠላት።

ደግሞም ታውቅ ነበር። እያሰበ የሚስል ሰው ይሰርዛል፣ ሳጥን አንጠልጥሎ ይተዋል። ከኩባንያው የሚመጡት ሥዕሎች ግን አንድም እንከን የላቸውም። ይህን ያስተዋለች ዕለት «ጠንቃቃ ሰዎች ስለሆኑ ነው» ብላ ራሷን አባበለች። ራይሞን ብትጠይቀው እቅጩን እንደሚነግራት ታውቃለች፤ ያልጠየቀችውም ለዚሁ ነው።

ራይሞ ሹልክ ብሎ ሲወጣ ተከተለችው። በሩ አጠገብ ካፖርቱን ሲለብስ ደረሰችበት።

«የምታውቂ መስሎኝ እኮ ነው ሄልካ። ለጨዋታ ብዬ ነው ያነሳሁት።»

«አውቅ ነበር» አለች። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

«ታዲያ እኔ ምን አድርጌሽ ነው ውሸታም ያደረግሽኝ? ሽማግሌው ብርጭቆ አንስቶ ሲጠጣልኝ ምን ላድርግ? ጠጣሁ!»

ራይሞ የካፖርቱን ቁልፎች ቆልፎ ጨረሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ዳቦሽ ግን ጥሩ ነበር» ብሏት ወጣ።

ስትመለስ ኬክ ቀርቧል። «ፕሮፌሰር፣ ቅድም በትክክል አልተረጎምኩልዎትም» አለችና አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ዲግሪሽ የሚጸድቅበትን አስተያየቴን ለዩኒቨርሲቲው አልልክም» አሉ በመጨረሻ። «ቤተሰብሽ ፊት ግን ምንም አልናገርም። ኬክሽን ብይ።»

በላች። እናቷ ከማዶ ፈገግ ስትልላት፣ እሷም ፈገግ አለች።

ዩኒቨርሲቲው ያን ምዕራፍ እንደ አዲስ እንድትሠራው ወሰነ። በየገበያው የእናቷ ጎረቤቶች «ዶክተር!» እያሉ ሲያቅፏት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። በረዶው መጣል ሲጀምር ባዶ እጇን ራይሞ ቢሮ ሄደች።

«ሥዕሉን ተዉት» አለች። «እንደ ልማዳችሁ ሥሩ፤ እኔ አጠገባችሁ ሆኜ ልይ።»

ራይሞ ወንበር ሳበላት። ብዙ ቀን አጠገቡ ዋለች። አብዛኛውን ጊዜውን የሚፈጀው፣ የግንዱን ርዝመት የሚለካው መቁጠሪያ በረዶ ለብሶ የተሳሳተ ልክ ሲሰጥ ማሽኑ ምን ማድረግ እንዳለበት መጻፍ ነበር። በእሷ ሥዕላዊ ቋንቋ ለዚህ የሚሆን አንድም ሳጥን የለም።

«ይሄን በምን ልሳልልሽ?» አላት።

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

በአዲሱ ምዕራፍ መሣሪያው ያላገዘበትን ቦታ ሁሉ ዘርዝራ ጻፈች። በዓመቱ ዲግሪው በዝቅተኛ ውጤት ጸደቀ። ሄልካ ለማንም አልተናገረችም። እናቷ እንኳ አዲስ ነገር መኖሩን አላወቀችም፤ ለእሷ ልጇ ዶክተር ከሆነች ቆይታለች። ሄልካም አላረመቻትም።