ስለ ሐምዳን አጡም ፉከራና ስለ ፊታውራሪው ምስክርነት

የሰው ልጅ ሁሉ ከአንድ ጭቃ ተበጅቶ ወደ አንድ አፈር እንዲመለስ መጻሕፍት ያስተምራሉ፤ መምህራን ይሰብካሉ፤ ሰሚዎችም ራሳቸውን እየነቀነቁ አሜን ይላሉ። ነገር ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ከልደት እስከ መቃብር በተዘረጋው ጎዳና ላይ ከሚፈጸመው አድልዎ ሁሉ ይልቅ ነፍስን የሚያቅለሸልሽ፣ በሞት አልጋ ዙሪያ የሚፈጸመው ነው። በሹመት ያዳላ ሰው ጥቅም ሽቶ ነው፤ በርስት ያዳላም ስስት አሸንፎት ነው፤ በሚሞት ሰው ትውልድና በገላው ጥቁረት አመካኝቶ የስቃይ ማስታገሻን የሚነፍግ ሰው ግን ምን ተብሎ ይጠራል? ይህን ታሪክ ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ወርውሬዋለሁ፤ ቀፎኛል። ዛሬ የምጨርሰውም መቅፈፉ ስለ ቀረልኝ ሳይሆን፣ ዝም ማለቱ ከመጻፉ ይልቅ ስላስጠላኝ ነው።

የጠላት ወረራ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በአንዲት የደጋ ከተማ ዳርቻ፣ ለአገር የደሙና የቆሰሉ አረጋውያን ወታደሮች የዕድሜያቸውን ፍጻሜ በክብርና በዕረፍት እንዲጠብቁበት የታነጸ፣ ቤተ ዕረፍት የሚባል ሕንፃ ነበረ። በደጁ ላይ «ለአገራቸው ለደሙ ሁሉ» የሚል ጽሕፈት በወርቅ ቀለም ተጽፎ ያብለጨልጫል፤ «ሁሉ» የምትለዋ ቃል ግን ከደጁ አልፋ ወደ ውስጥ የገባችበት ቀን አልነበረም። አዲስ ሕሙም በመጣ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው ቁስሉ የት እንደ ሆነ ሳይሆን ትውልዱ ከየት እንደ ሆነ ነበረና፣ የባላባትና የመኳንንት ወገን የሆነው መስተዋት ወዳለው፣ ምድጃ ወደሚነድበት ወደ ላይኛው አዳራሽ ይወጣል፤ ከቆላና ከጠረፍ የመጣው ጥቁር ወታደር ግን ከአዳራሹ መስኮት ሥር ወደ ተሠራው የቆርቆሮ ቤት ይወርዳል። ይህንም ያደርጉ የነበሩት ክፉዎች ነን ብለው አልነበረም፤ ሥርዓት ነው ይሉ ነበር።

በቆርቆሮው ቤት ከተኙት መካከል አሥር አለቃ ሐምዳን አጡም የሚባል፣ በወጣትነቱ ከቤኒ ሻንጉል ቆላ ለጦር የተመለመለ፣ ቁመቱ ረዥም ቃሉ ትሑት የሆነ ሽማግሌ ነበረ። የአከርካሪ አጥንቱን ነቀርሳ በልቶት ፈውስ እንደሌለው ስለ ታወቀ፣ ከዚህ ዓለም የቀረው ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ያለ ጭንቅና ያለ ጣር መሞት ነው። ከራስጌው በላይ ባለው መስኮት ውስጥ ደግሞ የጥንት አዛዡ ፊታውራሪ አጥናፌ ከሪህ በሽታ ጋር እየታገሉ፣ ባቃሰቱ ቁጥር ሞርፊን የሚባለውን መርፌ እየተወጉ በላባ ትራስ ላይ ተጋድመው ነበር። እኒህ ፊታውራሪ በዱር በገደሉ ጦር ሲመሩ፣ መድኃኒት በሌለበት ጥይት ከሥጋ ውስጥ በጩቤ ተፈልጎ ሲወጣ፣ የቁስለኛው ማቃሰት የጓደኞቹን ልብ እንዳያርደው ብለው «ያመመው ይፎክር!» የሚል ትእዛዝ ደንግገው ነበርና፣ በዚያ ጦር ዘንድ ፉከራ የጀግንነት ድምፅ ብቻ ሳይሆን የስቃይም ልሳን ሆኖ ቀረ። አንዱ ቁስለኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ በፎከረ ጊዜ ጓዶቹ እጁን አጥብቀው ይይዙት፣ ከንፈሩን በውኃ ያርሱለት ነበር። ሐምዳንም ጸጉሩ ከነጣ በኋላ እንኳ ትእዛዙ ከደሙ አልወጣለትም፤ ሕመሙ በተነሣ ቁጥር፣

«ዘራፍ! የአጡም ልጅ፣ የቆላው ነብር፤
ለጠላት የማያስደፍር የአገሩን በር!»

እያለ ቆርቆሮውን ያናጋው ነበር።

የቤቱ ሐኪም ዶክተር ልዑልሰገድ ባሕር ማዶ ተሻግሮ የተማረ፣ ልብሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሕሙማንን ሲጎበኝ ሐምዳን ክንዱን ይዞ «ጌታዬ፣ ወገቤን እሳት እየበላው ነው፤ ለላይኞቹ የሚሰጠውን መርፌ ለእኔም ይዘዙልኝ» አለው። ሐኪሙም ሳቀና «አሥር አለቃ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስትፎክር አይደለም እንዴ የዋልኸው? ያመመው ሰው ደግሞ መቼ ይፎክራል? እናንተ የቆላ ሰዎች አፈጣጠራችሁ ሌላ ነው፤ በዚህ ጕልበትህ ገና እኛን ሁሉ ትቀብራለህ» ሲል መለሰለት። «የምፎክረው ስላመመኝ ነው» አለ ሐምዳን። «እኔን ካላመኑኝ ፊታውራሪን ያስጠይቁ፤ ሕጉን ያወጡት እርሳቸው ናቸው።» ጥቁር ገላ ሕመም አያውቅም የሚለውን ትምህርት ይህ ሊቅ ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ቀሰመው ልነግርህ አልችልም፤ ከመጽሐፍም አልቀሰመው፣ በልጅነቱ በአባቱ ቤት ከአሽከሮች ጀርባ ሲወራ የሰማውን ነው ባሕር ማዶ ወስዶ በዲፕሎማ ሸፍኖት የተመለሰው። ሆኖም ፍትሐዊ መስሎ መታየት ይወድ ነበርና፣ አስታማሚዋን ሲስተር ብርቅነሽን «ፊታውራሪ አመመው ካሉ እሰጠዋለሁ» ብሎ ላካት።

በዚያ ሰሞን ክረምቱ ድልድዩን ወስዶት መድኃኒት የሚያመጣው መኪና ከወንዝ ማዶ ቀርቶ ነበር። ሲስተር ብርቅነሽ ወደ ፊታውራሪው ገብታ እጅ ነሣችና «ፊታውራሪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሥር አለቃ ሐምዳን የምፎክረው ስቃይ ሲበረታብኝ ነው ይላል። እርስዎ ያውቁታል አለኝ። እውነት ነው?» ስትል ጠየቀቻቸው። ፊታውራሪው ጥያቄዋን በጥያቄ መለሱ።

«መርፌው ምን ያህል ቀርቷል፣ ልጄ?»

«መንገዱ እስኪከፈት ለሁለት ሰው የሚበቃ አይመስለኝም፣ ጌታዬ።»

በዚያች ቅጽበት ከመስኮቱ ሥር ያ ፉከራ ተነሣ። ፊታውራሪው አወቁት፤ አላወቁትም የሚል ጠበቃ ቢመጣ በፊቱ እተፋለሁ። የገዛ ትእዛዛቸው ነበር ከታች ወደ ላይ የሚጮኽባቸው፤ በዚያ ድምፅ ጊዜ የስንቱን ቁስለኛ እጅ ራሳቸው ይዘው እንደ ነበርም ያስታውሱ ነበር። ዳሩ ግን ጉልበታቸውን በጋቢያቸው ሸፈን አድርገው «ሐምዳንን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አሏት። «ደስ ሲለው ነው የሚፎክር። የእነርሱ ወገን ሕመም አያውቅም፤ ተይው ይጫወት።» ዕለቱኑ ማታ የሪህ መርፌያቸውን ተወግተው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሲስተር ብርቅነሽ ልቧ አላመነም፤ ነገር ግን የፊታውራሪን ቃል ማስተባበል የሚያስከትለውን ፈርታ ባዶ እጇን ወረደች። ሐምዳን «ምን አሉ?» ብሎ ጠየቃት። መዋሸት አቃታትና የተባለውን ሁሉ እንደ ተባለ ነገረችው።

«እርሳቸው እንዲህ ካሉማ» አለ ሽማግሌው፣ «ትእዛዙን ሽረውታል ማለት ነው። እንግዲህ አልፎክርም።»

ወታደር ከሆነ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አቃሰተ፤ እናቱን ጠራ፤ አለቀሰ። ያለቀሰው ግን በእናቱ ቋንቋ ነበርና፣ በዚያ ቤት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። አስታማሚዎቹ «በአገሩ ዘፈን እየዘፈነ ነው» ተባባሉ፤ ሐኪሙም በበሩ ሲያልፍ ሰምቶ ፈገግ አለ። ሲስተር ብርቅነሽ «ዶክተር፣ ይኸ ልቅሶ ነው» ብትለው፣ «ፊታውራሪ መስክረዋል እኮ» አላት። በላይኛው አዳራሽ ያሉት ፊታውራሪ ደግሞ ቋንቋውን ባያውቁም ልቅሶውን ለይተውት ነበርና፣ «ብርድ ገባ፤ መስኮቱን ዝጉልኝ» ብለው አዘዙ። ሐምዳን አጡም በቀን ብርሃን፣ የማንም እጅ እጁን ሳይዘው፣ ሸሃዳ የሚባለውን የእስልምናውን የእምነት ቃል የሚያስብለው እንኳ ሳይጠራለት፣ አንሶላውን ነክሶ ሞተ።

የከተማይቱ ሙስሊሞች ገንዘው ሊቀብሩት በመጡ ጊዜ ፊታውራሪ አጥናፌ ሜዳሊያቸውን በደረታቸው ደርድረው፣ በወንበር ላይ ሆነው በሰው ሸክም ወደ መቃብሩ ደርሰው ንግግር አደረጉ። «ይህ አንበሳ ሞትን በፉከራ ተቀበለው፤ ሕመም ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ አለፈ!» አሉ። ሕዝቡ አለቀሰ፤ ዶክተር ልዑልሰገድም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ሲስተር ብርቅነሽ ብቻ ከቀባሪው ተለይታ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ እርሷም ብትሆን አልተናገረችም። ድልድዩ ተጠግኖ መድኃኒቱ በሣጥን ሣጥን ሲገባ፣ በዚያው በቆርቆሮው ቤት የሚያጣጥር ሌላ የጠረፍ ሰው መርፌ ቢለምን፣ ሐኪሙ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አሥር አለቃ ሐምዳንን አላየህም? የእናንተ ሰው እንዲህ ነው የሚሞት» አለው። ፊታውራሪው በመቃብሩ ላይ ያደረጉት የምስጋና ንግግርም የቤቱ ሥርዓት ሆኖ ጸና። የሰውን ስቃይ ላለማየት ሰዎች ከሚጋርዷቸው መጋረጃዎች ሁሉ፣ እንደ ምስጋና የወፈረ እኔ አላየሁም።