የገብር ኄር ሥዕል

መሪጌታ አየነው በሞቱ በዓመቱ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ልጃቸው ብፅአት የአባቷን ሥዕሎች ከቆርቆሮ ሣጥን አወጣቻቸው። ስምንት ናቸው፤ ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና ለእያንዳንዱ ሰንበት አንድ። በስደት አገር ሸራ ከየት ይመጣል? መሪጌታ ሱዳን፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ሳሉ የእርዳታ ዱቄት የመጣበትን ጆንያ አጥበው፣ ሙጫ ቀብተው ነው የሣሉባቸው። ቀረብ ብሎ ላያቸው፣ ከአንዳንዶቹ ቀለም ሥር የጆንያው ጽሑፍ ዛሬም ይታያል።

ብፅአት አሁን ገዳሪፍ ከተማ ትኖራለች። አብረዋት ያደጉት የመጠለያው ልጆች አገር ላገር ስለተበተኑ የሚገናኙት በስልክ ነው። በየሰንበቱ ከቅዳሴ መልስ የዕለቱን ሥዕል ፎቶ ታነሣና፣ አባቷ በደብተር ያስቀሩትን አጭር ትምህርት ከሥሩ ጽፋ ለሁሉም ትልካለች። መሪጌታ ደግሞ ሲያስተምሩ አይምሩም ነበር። ለመጻጉዕ የጻፉት እንዲህ ይላል፤ "ሰው የለኝም ያለውን በሽተኛ ጌታ ሰማው። እናንተ ግን ጎረቤታችሁ ሰው የለኝም ሲል ራዲዮ ትከፍታላችሁ።" ከካምፓላም ከጎንደርም አሜን ይጎርፋል። አብዛኛው ሰው ሳያነብ ነው አሜን የሚለው።

እስከ መጨረሻው የሚያነቡት አንድ ሰው ነበሩ፤ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ ጋሼ ላቀው። ገላባት ድንበር ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ልባቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ሥዕሉ በደረሳቸው ባፍታ ይደውላሉ።

"መጣሁ እንዴ?" ይላሉ።

"አልመጡም ጋሼ። ዛሬ ደብረ ዘይት ነው።"

"እንግዲህ እጠብቃለሁ።"

መሪጌታ በሕይወት ሳሉ ለአንድ ወዳጃቸው "ላቀውን ከሰንበቶቹ ባንዱ ሥዬዋለሁ" ብለው ኖሮ፣ ወሬው ገላባት ደርሷል። ጋሼ ላቀው ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአንድ ዓይን ነው የተሣሉት ወይስ በሁለት? የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሥላል። ኃጥኡን፣ ይሁዳንም ሰይጣንንም፣ ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን። ወንድማቸው ይቅር ብሏቸው ይሆን? ሳይሞቱ ይህን ማወቅ ነበር የቀራቸው።

ነገሩ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። መሪጌታ የታመመች ሚስታቸውን እየደገፉ ወደ ሱዳን ሲሰደዱ፣ የአራት ዓመት ልጃቸውን ሙሉዬን ለላቀው ሰጡ፤ ጎረምሳ ስለነበሩ ውኃ ወዳለበት ቀድመው እንዲያደርሷት። "አደራ" አሏቸው። ከአምስት ቀን በኋላ ሲገናኙ ላቀው ባዶ እጃቸውን ቆመው ጠበቋቸው። "ቀበርኋት" አሉ። መሪጌታ ምንም አልተናገሩም። ያን ቀን አልተናገሩም፣ ከዚያም በኋላ አርባ ዓመት ስለ ልጅቱ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ላቀው ሊጠይቋቸው ሲመጡ አብረው ይቆርሳሉ፣ እጃቸውን ታጥበው ይነሣሉ። ሰው ሆድ ይፍጀው ይላል፤ ሆድ ግን የሚፈጀው ባለቤቱን ነው። ብፅአት መጠለያ ውስጥ የተወለደች ስለሆነች እህቷን የምታውቃት በስም ብቻ ነበር።

የስድስተኛው ሰንበት፣ የገብር ኄር ዋዜማ ቅዳሜ፣ ቀጣዩን ጆንያ ዘረጋች። የዕለቱ ወንጌል ጌታቸው መክሊት ስለሰጣቸው አገልጋዮች ነው፤ ታማኞቹ አትርፈው ሲመለሱ ሐኬተኛው የተቀበለውን መሬት ቆፍሮ ቀበረው። ታማኞቹ በቀኝ በኩል በሁለት ዓይን ቆመዋል። በግራ ሐኬተኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ተንበርክኳል። አገጩ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር ጋሼ ላቀው ራሳቸው ናቸው፤ በአንድ ዓይን። በእጃቸው ያለው መክሊት አይደለም፤ በነጠላ የተጠቀለለች ትንሽ ልጅ ናት። እሷ ፊት ለፊት ነው የተሣለችው፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ተከፍተዋል። በደብተሩም ለዚህ ሰንበት ትምህርት የለም፤ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል። "አደራዬን ምን አደረግኸው?"

ብፅአት መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሙት ወቃሽ አትበሏትና፣ በአባቷ ተናደደች። በየጾሙ ይቅር ተባባሉ እያሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው!

በማግሥቱ ሥዕሉን አልላከችም። "የዛሬውን ምስጥ በልቶታል" ብላ ጻፈች፤ በጾም ዋሸች። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

"ብፅአትዬ፣ ምስጥ ነው?"

"ምስጥ ነው ጋሼ።"

"በአንድ ዓይን ነው።"

ብፅአት ዓይኗን ከሥዕሉ ላይ አነሣች።

"በሁለት ዓይን ቢሆን ምስጥ አይበላውም ነበር" አሉ፤ ሊስቁም ሞከሩ። "ግዴለም፣ ለኔ ብቻ ላኪልኝ። የስልኩ ሸበካ ሳይጠፋ።"

"ይቅርብዎ ጋሼ።"

"ሙሉዬን ሥሏታል?"

"ሥለዋታል።"

"እንግዲያው ላኪልኝ። መልኳ እየጠፋብኝ ነው። አንድ ፎቶ እንኳ የላትም።"

ላከችላቸው። ማየታቸውን ስልኩ አሳያት፤ እሳቸው ግን አልደወሉም። ጠብቃ ጠብቃ ራሷ ደወለች።

"እሷው ናት" አሉ። "ግንባሯ የሷው ነው።"

"ጋሼ፣ አባቴ በንዴት..."

"የኔን ተይው። የኔን ዓይን አንድም ያድርገው፣ ያጥፋውም። የሷ ለምን ተከፈተ?"

ብፅአት የምታውቀውን ነገረቻቸው፤ ንጹሕ ሰው በሁለት ዓይን እንደሚሣል፣ ሕጉ እንደሆነ።

"ሕጉን አላጣሁትም። አባትሽ ሙት ሲሥል ይጨፍናል። ስቅለትን ሲሥል ጌታን ራሱን ጨፍኖታል።" ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። "በቁሟ የቀበርኋት መስሎት ነበር፣ ብፅአት።"

ብፅአት ሥዕሉን እንደገና አየችው። ከነጠላው የወጣች ትንሽ እጅ የሰውየውን እጅጌ ጨብጣለች። ትናንት አላስተዋለቻትም ነበር።

"በሦስተኛው ቀን ጀርባዬ ላይ ሞተች" አሉ ጋሼ ላቀው። "የተኛች መስሎኝ እያወራኋት ነበር የምሄድ። ሳወርዳት ቀዝቅዛለች። በዚህ በእጄ ዓይኗን ጨፈንሁላት። አንድ ጊዜ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። እኔም ዝምታውን ለምን ሞተችብህ ማለቱ ነው ብዬ፣ ቅጣቴ ነው ብዬ ተቀበልሁት። አፍ አውጥቼ አልነገርሁት።"

ብፅአት ልታጽናናቸው ፈለገች፤ ለቅሶዋ ቀደማት።

"ለኔ አታልቅሺ" አሉ። "እኔ አንድ ቀን ነው የቀበርኋት። ወንድሜ ግን አርባ ዓመት ሙሉ በቁሟ ሲቀብራት ኖረ።" ከዚያ ድምፃቸውን አውጥተው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ቆይተው፣ "ልጄ፣ ቀለም ካለሽ ጨፍኚላት" አሉ።

ቀለም አልነበራትም፤ ሥዕልም አትችልም። ስልኩን በአንድ እጇ እንደያዘች፣ ሁለት ጣቶቿን በእህቷ ዓይኖች ላይ አሳረፈች።

"ጨፈንሁላት፣ ጋሼ" አለች።