የጋሼ ጀልባ የሽቦ ንድፍ

ወንድሜ ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ አንዲት ትንሽ የሸራ ጀልባ ገዛ። ነፋስ ሲጠፋ የምትነዳበት ሞተር ከኋላዋ ተንጠልጥሏል። ሞተሩ የሚነሳው ገመድ ተስቦ ነው፤ ገመዱ ደግሞ ደህና ቀኝ እጅ ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት ወንድሜን፣ ጋሼ የምለውን፣ ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ ከብርጭቆ የከበደ ነገር አልይዝ አለ። ንግግሩም ተጎተተ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እስኪጨርስ ሰው አይታገሠውም፤ ጣልቃ ገብቶ ይጨርስለታል፤ የሚጨርስለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዓረፍተ ነገር ነው።

እኔ ታናሹ ነኝ፤ የቤት ኤሌክትሪሺያን። በሙያዬ ከመጡብኝ ቶሎ እቆጣለሁ፤ ይህንን ደንበኞቼም ሚስቴም ያውቃሉ። ጋሼ ሞተሩ በቁልፍ እንዲነሳለት፣ ለጀልባዋም መብራትና ከሆዷ ውሃ የሚያወጣ ፓምፕ እንዲገባላት ሲጠይቀኝ ሳላስብ እሺ አልኩት። ጀልባ ማለት ውሃ ላይ የተቀመጠ አንድ ክፍል ቤት ነው ብዬ።

ሚስቱ ግን በር ላይ ጠበቀችኝ። እትዬ ነው የምላት፤ ቆጣ ስትል እንኳ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። ለጀልባዋ ገዢ አግኝታለች፤ ቅዳሜ ሊያያት ይመጣል፤ ጋሼ አልሰማም።

«እጁንስ አየሁት፤ ጭንቅላቱን ነው ያላወቅሁት» አለችኝ። «ሐኪሙ ደህና ነው ይላል። ሐኪሙ አብሮት አይኖርም። ትናንት የቤቱን ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት። ንድፉን ስትሠሩ እስቲ እየው። ይችላል ካልክ ይሂድ፤ አይችልም ካልክ ቅዳሜ ትሸጣለች።»

እንዲህ ያለ ሸክም በወንድሜ ላይ አታሸክሚኝ ብዬ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። እሷ ግን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋን። ጋሼ ይቀመጣል፣ እኔ በማስመሪያ እሰምራለሁ። ማብሪያዎቹን በሙሉ በግራ እጁ በኩል አደረግኋቸው። እሱ ራሱና ሞተሩ ከኋላ ስለሚከብዱ ባትሪውን ወደ ፊት፣ ከአፍንጫዋ ሥር ወሰድኩት። ከዚያ እስከ ሞተሩ ስድስት ሜትር ነው፤ አስር ካሬ ውፍረት ያለው ሽቦ ጻፍኩበት። አስር ካሬ አንድ ሙሉ ቤት ከነምድጃው ያኖራል።

ቀጥዬ የተንኮሉን ሥራ ሠራሁ። የመብራቱንና የፓምፑን ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ ማድረግ ሲገባኝ፣ ሆን ብዬ ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ሣልኩት። ትናንት ሙያ የጀመረ እንኳ ይህን ያውቃል፤ ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ቢነካካ፣ ፊውዙ ሳይሰማ ጀልባዋ ትቃጠላለች። ጋሼ ይህን ካየ ጭንቅላቱ ደህና ነው። ካላየ እንግዲህ ለእትዬ እነግራታለሁ።

ጋሼ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየው። የግራ እጁ ጣት ከባትሪው ተነስታ በመስመሩ ላይ ሄደች፤ ፊውዙ ጋ ደረሰች፤ አልፋው ሄደች። «ልያዘው» ብቻ አለኝና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ስወጣ እትዬ በዓይኗ ጠየቀችኝ፤ እኔም የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። እንደዚያ ዓይነት ፈተና ለገዛ ወንድሙ የሚያወጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ።

ሐሙስ ጠዋት ስመጣ ግቢው ውስጥ ጀልባዋ ላይ ተደግፎ አገኘሁት። ተማሪዎቹ «ቀይ እስክሪብቶ» ነበር የሚሉት፤ እስክሪብቶውን አሁንም ይዞታል። ንድፌ ላይ ሁለት ቀይ ክቦች አሉ። ከላይ፣ በተወላገደ የግራ እጅ ጽሕፈት፣ ስድስት ከአስር ይላል።

ጣቱን መጀመሪያ ፊውዙ ላይ አደረገ። «ይሄ» አለና ቆመ። ዓረፍተ ነገሩን ልጨርስለት ምላሴን በላኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። «ይሄ የፈተና ጥያቄ ነው። ስንት ዓመት ሳወጣ የኖርኩትን... አላውቀውም?»

ክው አልኩ። ጣቱ ግን ወደ ሁለተኛው ክብ፣ ወደ አስር ካሬው ሄደች።

«ይሄኛው ግን ያንተ ነው።»

ተቆጣሁ፤ ልማዴ ነው። በአስር ካሬ ስንት ቤት እንዳበራሁ ቆጠርኩለት። እሱ ወረቀቱን ገልብጦ በግራ እጁ ማስላት ጀመረ። እዚህ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት የለም፤ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። መንገዱም ስድስት ሜትር አይደለም፤ ሄዶ ይመለሳል፣ አሥራ ሁለት ነው። ሞተር ሲነሳ በሚስበው ጉልበት ከሁለት ቮልት በላይ ሽቦው ላይ ይቀራል። ሞተሩ ያቃስታል እንጂ አይነሳም። በገመድ እንዳይስበው ደግሞ እጁ የለም። መሃል ውሃ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ወንድሜን አስቀምጬው ልቀር ነበር።

ባትሪውን ወደ ኋላ፣ ከመቀመጫው ሥር አምጣው አለኝ። ሽቦው አጭርና ወፍራም ይሁን። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠኝ።

«እሷ እንደላከችህ... አውቃለሁ» አለ። «ሁለቱንም ንገራት።»

እትዬ ጓዳ ልብስ እየተኮሰች ነበር። መጀመሪያ የፊውዙን ብቻ ነገርኳት፤ ያ ይበቃል ብዬ። ራሷን ነቀነቀች። የተደበቀ ስህተት ማግኘት ልማዱ ነው፣ ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሰውም ያገኛል አለች። በልማድ ግን ጀልባ አይነዳም ብላ ጨመረች። ሁለተኛውን መናገር ግድ ሆነብኝ። እኔ በሙያዬ ተሳሳትኩ ብዬ አላውቅም፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ጥፋቴን በግንበኛ አላክኬያለሁ።

«እትዬ፣ እሱ አልፏል። የወደቅሁት እኔ ነኝ» አልኳትና አስር ካሬውን አሳየኋት። «ይሄን ሳላውቀው ነው የተሳሳትኩት። እሱ ባያይልኝ ኖሮ ሞተሩ ውሃ ላይ አይነሳለትም ነበር።»

ካውያውን አቁማ ቀዩን ክብ ለረጅም ጊዜ አየችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የእኔም እንደዚያው።

«ባትሪው ወደ ኋላ ከሄደ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ላይ አይነሳም?» አለች በመጨረሻ። ስንት ዓመት ከዳር ቆማ ስታያት እንደኖረች ያን ጊዜ ገባኝ። ሃያ አምስት ኪሎ አሸዋ በከረጢት ፊት ለፊት እናስቀምጣለን አልኳት። ስልኳን አንስታ ለገዢው ደወለችና ቅዳሜ እንዳይመጣ ነገረችው።

«አሸዋ ምን ያደርጋል» አለች ስልኩን ስታስቀምጥ። «እኔ ከአንድ ባትሪ አላንስም።»

አዲሱን ንድፍ ስሠራ ባትሪው በነበረበት ቦታ ላይ «እትዬ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ አርሞ ዘጠኝ ከአስር ሰጠኝ። አንዷን የት እንዳስቀራት እስካሁን አልነገረኝም።