የይኸነው ጥይቶች

ልክየለሽ የባሏን ጠመንጃና ዝናር ከግድግዳው አውርዳ ጥይቶቹን ደጅ በተነጠፈው ቁርበት ላይ ዘረገፈቻቸው። ሃያ ሦስት ናቸው። ባሏ ይኸነው ለጉልበት ሥራ ከጫግኒ ወዲያ ከወረደ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ኋላ ግን ድምፁ ጠፋ። ሞተ የሚልም አለ የሚልም አልተገኘም።

ባለፈው ሳምንት ሌቦች የጎረቤቷን ፈረስ ነድተው ሄዱ። ከአዲስ ቅዳም ከተማ ከፍ ብሎ ባለው በዚያ መንደር ወንድ የሌለበት ቤት የእሷ ብቻ ነው። ስለዚህ ይኸነውን ያሳደጉትን አጎቱን፣ አያ ክንዴን፣ ተኩስ አስተምሩኝ ብላ ለመነቻቸው።

አያ ክንዴ በጉብዝናቸው ዘመን ወታደር ነበሩ። ጥይቶቹን አንድ በአንድ እያነሡ መረመሩ። ክፉኛ የዛጉትን አምስቱን ለይተው አስቀመጡ።

«እነዚህ አይተኮሱም፤ ለተኳሹም ለጠመንጃውም አደጋ ናቸው። የቀሩት ለልምምድ ይሁኑ» አሉና ከጋቢያቸው ሥር አዳዲስ ጥይት የታሰረበት ጨርቅ አወጡ። «ቤት የሚጠብቁት እነዚህ ናቸው።»

«ይለዋወጡልኝ አያ» አለች ልክየለሽ። «አዲሶቹን ልተኩስና የሱ ይቀመጡ። በየሳምንቱ እየወለወለ ያኖራቸው እሱ ነው። መጥቶ ጥይቶቼስ ቢለኝ ምን እለዋለሁ?»

ሽማግሌው ከዛጉት አንዷን አንሥተው አሳዩአት።

«እኔስ አልናፈቀኝም መሰለሽ? ግን ልጄ፣ እርጥበት የገባው ጥይት ይከሽፋል። ሌባው ደጅሽ ቆሞ ቢከሽፍብሽስ?»

የይኸነውን ጥይቶች ይዘው ከመንደሩ በታች ካለው ገደል ሥር ሰው ወደማያልፍበት ቦታ ወረዱ። አያ ክንዴ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ አፈሩን አስደግፈው ዒላማ አቆሙ። የመጀመሪያው ጥይት ከላይ አለፈ። ሁለተኛው ከሸፈ።

«አፈሙዙን እንዳታዞሪ! ትንሽ ቆዪ» አሏትና ጥቂት ጠብቀው የከሸፈውን ጥይት ራሳቸው አወጡላት።

ልክየለሽ እያንዳንዷን ጥይት ከማጉረሷ በፊት በአውራ ጣቷ ታሻት ነበር። ይኸነውም ጥይቶቹን እንዲሁ ሲያሻቸው አይታለች። በዘጠነኛው ቆርቆሮው ጮኸ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በተከታታይ መቱ።

«አበጀሽ የኔ ልጅ!» አሉ አያ ክንዴ እያጨበጨቡ።

እሷ ግን ጠመንጃውን ሰጥታቸው ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች።

«ትከሻሽን ጎዳሽ?»

«አይ አያ። እኔ እስካልቻልኩ ድረስ እሱ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።»

አያ ክንዴ አጠገቧ ተቀመጡና ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ አብረዋት ቆዩ።

ሌቦቹ ወደዚያ መንደር ተመልሰው አልመጡም። በጥቅምት ከማዶው መንደር ባሎቻቸው ለሥራ የራቁባቸው ሁለት ሴቶች እሷኑ አስተምሪን ብለው መጡ። ወርቅነሽ የምትባለው ቆርቆሮውን የመታች ቀን ደስታዋን አልቻለችም፤ ልክየለሽን አቅፋ ሳመቻት።

ልክየለሽም ሣቀች። ወዲያው ግን ዓይኗን ወደ ጫግኒ አቅጣጫ አሻግራ፣ «ምነው እሱም ባየኝ» አለች።